ማንም ያልነካው ፕሮግራም ለምን ይበላሻል?

ሌሊት ተረኛ

ሲስተም ቆመ ተብሎ ስልክ ሲደወል በብዛት የምሰማው «ማንም አልነካውም፣ እስከ ትናንት ይሠራ ነበር» የሚል ነው። ብዙ ፕሮግራመር ይህን ሲሰማ በሆዱ ይስቃል። አንዱ ነካክቶ ሲያበቃ ዓይኑን በጨው አጥቦ እየካደ ነው ብሎ ይገምታል። እኔ ግን ደዋዩ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው ባይ ነኝ።

ኮድ አይዝግም። ዛሬ የተጻፈ ፋይል ከሃያ ዓመት በኋላም ባይት በባይት ያው ነው። የሚንቀሳቀሰው የቆመበት መሬት ነው፤ ቀኑ ይገፋል፣ ሰርተፍኬቱ ጊዜው ያልፋል፣ ሌላ ሰው የጻፈው ላይብረሪ (ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) ይቀየራል፣ የሆነ ቦታ የተደበቀ ቆጣሪ ይሞላል። ሜየር ሌማን ስለ ሶፍትዌር ለውጥ ከ1974 ጀምሮ ባወጣቸው ሕጎች (ዓመቶቼ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መጀመሪያ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው፦ ሥራ ላይ ያለ ሲስተም በየጊዜው ካልተስተካከለ ለተጠቃሚው የሚሰጠው እርካታ እየቀነሰ ይሄዳል።

በጣም የምወደው ምሳሌ የማይክሮሶፍት ዙን ነው፤ ባለ 30 ጊጋባይቱ ሙዚቃ ማጫወቻ። ታኅሣሥ 31 ቀን 2008 ማለዳ በየቤቱ ያለው ዙን መነሻ ስክሪኑ ላይ ተገትሮ ቀረ። ሰበቡ ከቀን ቁጥር ዓመቱን የምታሰላ ትንሽ የኮድ ቁራጭ ነበረች። እንዲህ ትላለች፦ ቀኖቹ ከ365 እስከበለጡ ድረስ ዙር። ዓመቱ ባለ 365 ቀን ከሆነ 365 ቀንስና ወደሚቀጥለው ዓመት እለፍ። ባለ 366 ከሆነ ግን መጀመሪያ ቀኖቹ ከ366 መብለጣቸውን እይ፤ ከበለጡ 366 ቀንስና እለፍ።

እስቲ 366ኛው ቀን ላይ ቁሙና ኮዱን በእጃችሁ አስኬዱት። 366 ከ365 ይበልጣል፣ ስለዚህ ዙሩ ይቀጥላል። 366 ከ366 አይበልጥም፣ ስለዚህ የሚቀነስ የለም። ተመልሶ ይዞራል፣ አሁንም የሚቀነስ የለም፣ ይዞራል። መውጫ የለውም። ዙን ገበያ የወጣው በ2006 መጨረሻ ስለሆነ 366ኛ ቀን ሲያጋጥመው ያ የመጀመሪያው ነበር። መድኃኒቱም ባትሪው ተሟጦ እስኪያልቅና አዲሱ ዓመት እስኪገባ መጠበቅ ሆነ። ማን ነካው? ማንም።

እናንተ ሠርታችሁ የተዋችኋቸውን ፕሮግራሞች እንዴት ነው የምትከታተሉት? ወይስ ስልክ እስኪደወል ነው?

ባይት ቆጣሪ

ቆጣሪ ብለህ በአንድ ቃል ማለፍህ ቅር አሰኝቶኛል፤ ዋናው ተንኮል እሱ ጋ ነው።

ዊንዶውስ 95 እና 98 ከተነሱበት ቅጽበት ጀምሮ ሚሊሰከንድ ይቆጥሩ ነበር፤ በ32 ቢት። 32 ቢት የሚይዘው ወደ 4.29 ቢሊዮን ነው፤ ይህም 49.7 ቀን ይሆናል። ያን ያህል ሳይጠፋ የቆየ ኮምፒውተር ቆጣሪው ወደ ዜሮ ሲመለስበት ሊደርቅ ይችል ነበር። ችግሩ ለዓመታት ሳይታወቅ የኖረው ዊንዶውስ 95 ሃምሳ ቀን ሳይደርቅ ቆይቶ ስለማያውቅ ነው ብለው ይቀልዱበታል፤ እኔም እስማማለሁ።

ቀልድ ያልሆነው የቦይንግ 787 ጉዳይ ነው። በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ባወጣው ትእዛዝ፣ የጄኔሬተር መቆጣጠሪያዎቹ ሳይጠፉ 248 ቀን ከቆዩ ውስጣቸው ያለ የሶፍትዌር ቆጣሪ ሞልቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ኃይል ሊያቋርጡ እንደሚችሉ ገለጸ። ካልኩሌተር አውጡ፦ ምልክት ያለው (ከዜሮ በታችም የሚቆጥር) 32 ቢት ቁጥር፣ በመቶኛ ሰከንድ ሲቆጠር፣ የሚሞላው 248 ቀን ተኩል ገደማ ላይ ነው። የተሰጠው ጊዜያዊ መፍትሔ ምን ይመስላችኋል? የአውሮፕላኑን ኃይል በየጊዜው ማጥፋትና ማብራት።

ስለዚህ «አጥፍተህ አብራው» የሚለውን የምትንቁ ልጆች እረፉ። ማጥፋት ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ይመልሳል፣ የፈሰሰውን ሜሞሪ ይሰበስባል፣ የተንጠለጠለውን ኔትወርክ ይቆርጣል። የተበላሸው ባይታወቅም ፕሮግራሙ በቴስት ወደታየበት ሁኔታ ይመለሳል። ብዙ ፕሮግራም የሚሞከረው ገና እንደተነሳ ባሉት ደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ አብርቶ የሚሞክር የለም።

አዲስ ገቢዋ

ገና ሥራ መጀመሬ ነውና ጥያቄዬ የዋህ ቢሆን አትታዘቡኝ። እኛ ቡድን ውስጥ የላይብረሪዎችን ቨርዥን እንቆልፋለን፤ ሎክ ፋይል አለን። ከቆለፍን በኋላ መሬቱ ከሥራችን እንዴት ይንቀሳቀሳል? አለቃችን «የሚሠራ ነገር አይነካም» ይላል፤ ጓደኛዬ ያለበት ቡድን ደግሞ በየሳምንቱ አፕዴት ያደርጋል። ማን ነው ልክ?

ድርብ ሰረዝ

አለቃሽ ልክ ነው፣ ግን ባሰበው ምክንያት አይደለም።

መጀመሪያ ቁልፉ ምን እንደሚቆልፍ እንይ። ሎክ ፋይል የሚይዘው ስም፣ ቁጥርና የማረጋገጫ ሃሽ ነው። ኮዱ ራሱ ያለው ሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ነው። መጋቢት 22 ቀን 2016 ሌፍትፓድ የምትባል 11 መስመር ያላት የጃቫስክሪፕት ጥቅል፣ እንዲህ ያሉ ጥቅሎች ከሚቀመጡበት ከኤንፒኤም ላይ ተነሳች። ሥራዋ ጽሑፍ የተፈለገው ርዝመት እስኪደርስ በስተግራ በኩል ክፍተት መሙላት ብቻ ነው። ባለቤቷ በሌላ ጥቅል ስም ተጣልቶ የራሱን በሙሉ አነሳ። ከዚያ እንደ ባቤል ያሉ ትልልቅ መሣሪያዎች ሳይቀሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች አልገነባ አሉ። ቨርዥኑን የቆለፈም ያልቆለፈም እኩል ተመታ፤ የቆለፉት ነገር እዚያ የለማ! ኤንፒኤም ጥቅሏን በሰዓታት ውስጥ መልሶ አኖራትና ከዚያ በኋላ ማንሳትን የሚገድብ ደንብ አወጣ። ስለዚህ መቆለፍ ብቻ አይበቃም፤ ቅጂውን እቤትሽ አስቀምጪ።

አፕዴትን በተመለከተ፦ በየሳምንቱ ማድረግ በየሳምንቱ የማታውቂውን ሰው በር ከፍቶ ማስገባት ነው። ኤክስዜድን አስታውሱ። ስለ ፋይል ማመቂያ ላይብረሪ ማን ይጨነቃል? አንድ ተባባሪ ከሁለት ዓመት በላይ ጨዋ ሆኖ አገለገለ፣ አመኔታ አተረፈ፣ ከዚያ በ2024 መጀመሪያ በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የጓሮ በር ቀበረ። የተጋለጠው በአጋጣሚ ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ዲቬሎፐር የኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሰርቨር የሚገባበት መንገድ) መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ሥሩን ሲፈትሽ ደረሰበት፤ መጋቢት 29 ይፋ አደረገው። ማን አመለጠ? ያላሻሻለው። እግር በእግር የሚከተሉት የሊኑክስ የሙከራ ስርጭቶች ተቀብለውት ነበር፣ የተረጋጋውን ዴቢያን የሚጠቀሙ ግን አልነካቸውም።

የበር ጠባቂ

ድርብ ሰረዝ፣ ግማሹን ነው የነገርካት። የሎግፎርጄን ታሪክ የዘለልከው አላውቀውም ብለህ አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 2021 ላይ የወጣው ቀዳዳ ኮዱ ውስጥ የገባው በ2013 ነው። ሎግ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት) የሚጽፍ ላይብረሪ፣ በተለየ አጻጻፍ የተዘጋጀ ጽሑፍ ሎግ አድርግ ሲባል፣ ጽሑፉን እንደ ትእዛዝ አንብቦ ሩቅ ወዳለ ሰርቨር ይሄድና ከዚያ ያገኘውን ኮድ ሊያስነሳ ይችላል። አጥቂው የሚያስፈልገው ጽሑፉን ሎግ የሚደረግ ቦታ ላይ ማስገባት ብቻ ነው፤ የተጠቃሚ ስም መሙያ ይበቃል። ከ2014 ጀምሮ «የሚሠራ ነገር አይነካም» ብሎ የተቀመጠ ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ በሩ ክፍት ሆኖ ነው የተኛው። የባሰው ደግሞ ብዙዎች ላይብረሪው እነሱ ጋ መኖሩን አለማወቃቸው ነው። እነሱ አልጠሩትም፤ የጠሩት ሌላ ላይብረሪ ይዞት መጣ። ያን ሰሞን ሥራችን ቀዳዳ መድፈን አልነበረም፣ የት የት እንዳለ መፈለግ ነበር።

እህቴ፣ ለጥያቄሽ እኔ የምለው ይህ ነው። የደኅንነት ማስተካከያ ሲወጣ በዚያው ቀን። ሌላው አፕዴት ጥቂት ሳምንት ይቆይ፤ ሌሎች ቀምሰውት ይታይ። ሁለቱን ለይቶ የሚነግርሽ መሣሪያ አለ፤ ከሁሉ በፊት ግን ፕሮግራምሽ የሚሸከማቸውን ላይብረሪዎች በሙሉ፣ ሳትጠሪያቸው የመጡትንም ጭምር፣ ዘርዝሪና አስቀምጪ። ያ ዝርዝር የሌለው ቡድን ስለ አፕዴት ፖሊሲ መከራከሩ ከንቱ ነው።

ድርብ ሰረዝ

በዝርዝሩ እስማማለሁ። «በዚያው ቀን» የምትለውን ግን ሌሊት ተረኛ ይፍረደው፤ እሱ ነው አርብ ማታ የሚቀሰቀሰው።

ሌሊት ተረኛ

አርብ ማታ ሎግፎርጄ ቢሆን እቀሰቀሳለሁ። አርብ ማታ የበተን ቀለም የሚቀይር አፕዴት ከሆነ ግን የቀሰቀሰኝን ሰው ነው የምፈልገው።

ሰፊ ስክሪን

የሁላችሁም ወሬ ሰርቨር ሰርቨር ሸተተ። ተራ ሰው እጅ ላይ ስላለው ዕቃ ልጨምር።

አሮጌ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ያለው ሰው አንድ ጠዋት ተነስቶ ግማሹ ኢንተርኔት «አስተማማኝ አይደለም» እያለ አልከፍት ሲለው፣ ኩባንያው አዲስ እንድገዛ ሆን ብሎ አበላሸብኝ ይላል። አንዳንዴ ሐሜቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ሰርተፍኬት ነው። ብራውዘር አንድን ድረ ገጽ የሚያምነው በዕቃው ውስጥ ቀድመው የተቀመጡ ሥር ሰርተፍኬቶች ስላሉ ነው፤ እነሱም የማብቂያ ቀን አላቸው። መስከረም 30 ቀን 2021 ሰርተፍኬት በነጻ የሚሰጠው ሌትስ ኤንክሪፕት ሲደገፍበት የነበረው አሮጌው ሥር ጊዜው አለፈ። አዲሱን ሥር የሚያውቁ ዕቃዎች ምንም አልተሰማቸውም። አፕዴት መቀበል ያቆሙ አይፎኖችና ማኮች፣ አሮጌ ኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ላይብረሪ) የያዙ ፕሮግራሞች ደግሞ በዚያው ዕለት ሚሊዮን ድረ ገጾችን አላምን አሉ።

የሚገርመው የአሮጌ አንድሮይድ ነገር ነው። ከ7.1.1 በታች ያሉ ስልኮች አዲሱን ሥር አያውቁትም፤ ነገር ግን አንድሮይድ የሥር ሰርተፍኬትን የማብቂያ ቀን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሌትስ ኤንክሪፕት ይህን ተጠቅሞ፣ ጊዜው ያለፈበት አሮጌ ሥር ለአዲሱ ዋስ የሆነበትን ፊርማ አስደርጎ እነዚያን ስልኮች እስከ መስከረም 2024 አቆያቸው። አንዱ ጉድለት ሌላውን አዳነ። እንዲህ ያለውን መላ ፈልጎ ያገኘ ሰው ሊመሰገን ይገባል።

ትልልቆቹም አይድኑም። ግንቦት 2019 መጀመሪያ ላይ ፋየርፎክስ ለተጨማሪዎቹ መፈረሚያ የሚጠቀምበት መካከለኛ ሰርተፍኬት ጊዜው አለፈና በዓለም ዙሪያ የሰዉ ተጨማሪ በሙሉ በአንድ ሌሊት ተዘጋ። ቀኑ ሰርተፍኬቱ ላይ ተጽፎ ነበር እኮ፤ ለማንም ድብቅ አልነበረም።

ለሰርቨር ሰዎች ደግሞ መርዶ፦ የሰርተፍኬት ዕድሜ እያጠረ ነው። በ2025 የሰርተፍኬት ሰጪዎቹና የብራውዘሮቹ መድረክ ባጸደቀው መሠረት ከመጋቢት 15 ቀን 2026 ጀምሮ ከ200 ቀን መብለጥ አይችልም፣ በ2027 ወደ 100፣ በ2029 ወደ 47 ቀን ይወርዳል። በእጅ የሚያድስ ካለ ካሁኑ ይተወው። ካላንደር ላይ ማስታወሻ የያዘው ልጅ ሥራ ሲለቅ ማስታወሻውም አብሮት ይሄዳል።

ነባር ተርሚናል

ልጆች፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁላችሁም ፕሮግራም መበላሸቱ አይቀርም ብላችሁ ተነስታችሁ ስለ አስታማሚው ነው የምትነጋገሩት። እኔ መነሻውን አልቀበልም።

ዶናልድ ክኑት ቴክ የተባለውን የመጽሐፍ መተየቢያ ፕሮግራሙን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጽፎ፣ በ1990 «ከእንግዲህ አዲስ ነገር አልጨምርበትም» አለ። የቨርዥን ቁጥሩ ወደ ፓይ እየተጠጋ ይሄዳል፤ በየጥቂት ዓመቱ ስህተት ከተገኘ አንድ አሐዝ ይጨመራል። በ2021 3.141592653 ደርሷል። ሲሞት ቁጥሩ ፓይ ራሱ ይሁን፣ የቀረ ባግ ካለም እንደ ባሕርይ ይቆጠር ብሏል። ኤስኪውላይት የተባለው ትንሽ ዳታቤዝ በየስልካችሁ ውስጥ አለ፤ ሠሪዎቹ እስከ 2050 እንደግፈዋለን ብለው አቅደዋል፣ የፋይል አቀማመጡ ከ2004 ወዲህ ወደኋላ ተነባቢ ነው። ሁለቱ የሚጋሩት ነገር በሌላ ሰው ኮድ ላይ እምብዛም አለመደገፋቸው ነው።

የዛሬ ልጅ ጽሑፍ በግራ በኩል ለመሙላት ላይብረሪ ያመጣል። ዐሥራ አንድ መስመር! ከዚያ ላይብረሪው ሲጠፋ ዓለም ተለወጠብኝ ብሎ ያለቅሳል።

ሌሊት ተረኛ

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ኤስኪውላይት ቆሞ አልኖረም፤ በየዓመቱ ደጋግሞ አዲስ ቨርዥን ያወጣል፣ የቴስት ኮዱም ከራሱ ከፕሮግራሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ያልተለወጠው ለውጭ ሰው የገባው ቃል ነው፤ የትናንቱ ፋይል ነገም ይከፈታል ማለቱ። ያ ቃል እንዲጸና ከውስጥ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ቴክንም ቢሆን እርስዎ የሚጠቀሙት ፒዲኤፍ የሚያወጣውን ዘሩን እንጂ የ1990ውን አይመስለኝም።

ነባር ተርሚናል

ፒዲኤፍ የሚያወጣውን ነው፣ ተይዤያለሁ። ስለ ዐሥራ አንዱ መስመር ግን አልለቅም። የይለፍ ቃል ምስጠራ በራሳችሁ አትጻፉ፣ እሱን ከባለሙያ ውሰዱ። ክፍተት መሙላትን ግን ጻፉ።

አዲስ ገቢዋ

ጋሼ፣ የጊዜ ዞን ስሌትስ? በራሴ ልጻፈው ወይስ ልውሰደው? ከአንድ ጊዜ በላይ ግራ ያጋባኝ እሱ ነው። ሁሉንም በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) አስቀምጪ ይሉኛል።

ነባር ተርሚናል

ልጄ፣ እሱን ውሰጂ! በሕይወትሽ አትጻፊው።

ባይት ቆጣሪ

ውሰጂ ሲሉሽ ግን አንዴ ወስደሽ የምትተይው አይምሰልሽ። የጊዜ ዞን ሒሳብ ሳይሆን የመንግሥት ውሳኔ ነው። ሳሞአ ታኅሣሥ 2011 ላይ የቀን መለያውን መስመር ተሻግራ ከሐሙስ 29 ወደ ቅዳሜ 31 ዘለለች፤ አርብ የሚባል ቀን አልነበራትም። ሞሮኮ በ2018 ሰዓቷን ወደኋላ ልትመልስ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ አልመልስም፣ ባለበት ይቆይ አለች። እነዚህ ሁሉ አያና የተባለው የኢንተርኔት መዝገብ ያዥ ድርጅት በሚያስተባብረው የጊዜ ዞን ዳታቤዝ ውስጥ ይመዘገባሉ፤ ስልክሽም ሰርቨርሽም ከዚያ ነው የሚቀዱት። ዳታቤዙን ያላደሰ ማሽን ማንም ሳይነካው አንድ ሰዓት ይስታል።

«ሁሉንም በዩቲሲ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ላለፈ ነገር ድንቅ ነው፦ ክፍያው የተፈጸመበት ቅጽበት አይቀየርም። ለወደፊት ቀጠሮ ግን ያሳስታል። ሰውዬው ከስድስት ወር በኋላ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለው እንበል። ዛሬ ባለው ሕግ ወደ ዩቲሲ ቀይረሽ አስቀመጥሽ። በመካከል አገሩ ሰዓቱን ለወጠ። ሐኪሙ የሚመጣው በግድግዳው ሰዓት ነው፤ ያንቺ ፕሮግራም የሚያስታውሰው ግን አንድ ሰዓት ዘግይቶ ወይም ቀድሞ ነው። ስለዚህ የግድግዳውን ሰዓትና የዞኑን ስም አብረሽ አስቀምጪ፣ ወደ ዩቲሲ የምትቀይሪው ሰዓቱ ሲቃረብ ነው። የዞኑን ስም ነው ያልኩሽ፤ «ሲደመር ሦስት» የሚለውን ልዩነት አይደለም። ልዩነቱ ይቀየራል፣ ስሙ ግን አዲሱን ሕግ ይከተላል።

የበር ጠባቂ

ለቴስት አንድ ልማድ ልጨምር፤ እኔ የኮድ ግምገማ ላይ በቸልታ የማላልፋት ናት። ፈንክሽኑ ውስጥ ገብቶ «አሁን ስንት ሰዓት ነው» ብሎ ሲስተሙን የሚጠይቅ ኮድ ካየሁ እመልሰዋለሁ። ሰዓቱን ከውጭ ተቀበል። እንዲያ ከሆነ ቴስቱ ላይ የፈለግነውን ቀን ሰጥተን እናየዋለን፦ የካቲት 29፣ የባለ 366 ቀን ዓመት የመጨረሻ ቀን፣ ጥር 19 ቀን 2038 ከ03:14:07 ዩቲሲ አንድ ሰከንድ በኋላ። የመጨረሻው ከ1970 ጀምሮ ሰከንድ የሚቆጥረው ምልክት ያለው 32 ቢት የሚሞላበት ነው። የካቲት 2100ንም ጨምሩ፤ ለአራት የሚካፈል ሁሉ 366 ቀን አለው ብሎ የጻፈ ሰው እዚያ ይያዛል፣ ለ100 የሚካፈል ዓመት ለ400ም ካልተካፈለ 365 ነውና፣ 2100ም 365 ነው። ዙንን የሠራው ሰው ሰዓቱን ከውጭ ቢቀበል ኖሮ አንዲት መስመር ቴስት ታወጣው ነበር።

አዲስ ገቢዋ

ዛሬ እኛ ኮድ ላይ ሞከርኩት። የካቲት 29ም ሆነ 366ኛው ቀን ያልፋሉ። 2038 ላይ ግን አንድ ዳታቤዝ አምድ ቀኑን ወደ 1901 መልሶ አሳየኝ። ለአለቃዬ ሳሳየው «እስከዚያ ይህ ፕሮግራም የት ይኖራል ብለሽ ነው» አለኝ። ምን ልመልስለት?

ባይት ቆጣሪ

ፕሮግራሙ ወደፊት የሚመጣ ቀን ያሰላ እንደሆነ ጠይቂው። የሃያ ዓመት ብድር የመጨረሻ ክፍያ የሚያወጣ ሲስተም 2038ን የተሻገረው በ2018 ነው። የሠላሳ ዓመቱ ደግሞ በ2008።

አዲስ ገቢዋ

የኢንሹራንስ ውል ማብቂያ ቀን ነው አምዱ።

ሌሊት ተረኛ

እንግዲያው የውሎቹን ርዝመት ዳታቤዙ ውስጥ ፈልጊና ረጅሙን ይዘሽ ግቢ። ከ2038 የሚያልፍ አንድ ውል ካገኘሽ ክርክሩ አለቀ፤ አምዱን ወደ 64 ቢት ከመቀየርሽ በፊት ግን ከዚያው ዳታቤዝ የሚያነቡትን ሌሎች ፕሮግራሞች ቁጠሪ። አንዱን ብቻ ቀይረሽ ሌሎቹ በ32 ቢት ካነበቡት፣ ሰኞ ጠዋት ለእኔ የሚደውለው ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቂዋለሽ።